አንበሳ ግቢ የማያውቀው የጉና አውሬ

ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለገባ እንግዳ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ለብዙ ዘመን ሳይታይ የማይታለፍ ቦታ ነበር። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ጥቁሩ ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው የግቢው አንበሶች የተወለዱት ከሰባት አንበሶች ብቻ ነው፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የግቢውን 15 አንበሶች ዘረመል መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ግቢው ለካ የዘር መጠባበቂያም ኖሯል። ሆኖም ማቆያ ያለ በቂ ቦታና በጀት ብቻውን አያድንም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚያው ግቢ በእጥረት ምክንያት ደቦሎች በመርዝ መገደላቸው በዜና ተሰምቷል።

የጋይንትና የእስቴ ደጋ የራሱ አውሬ ግን መጠባበቂያም የለውም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ አይገኝም። ያለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ሲሆን ለአቅመ መራባት የደረሰው ከ500 በታች ነው። በዚሁ ደጋ የሚገኘው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ፣ ቀበሮው በጓሳው ሣር መካከል አይጥና ፍልፈል እያደነ ሲኖርበት ቆይቶ፣ በቅርብ ዘመን ባዶ ቀረ። ዛሬ የተረፈው በስሜን፣ በወሎ፣ በመንዝ፣ በአርሲና በባሌ ነው።

የሚያጠፋው ምንድን ነው? እርሻ ሽቅብ እየወጣ ጓሳውን ይበላበታል፤ የከብት ግጦሽም ይጋፋዋል። ከሁሉም የከፋው ከመንደር ውሻ የሚጋባው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በገባበት ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል።

ከዱር ሳይርቅ ማዳን እንደሚቻል ያሳየው የስሜኑ «ተረፈ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እግሩን በጥይት ተመትቶ የተገኘው ይህ ቀበሮ እዚያው ደጋው ላይ ለ51 ቀን ታክሞ ወደ ዱሩ ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ሕክምና ለቀይ ቀበሮ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። ተረፈን ያዳነው የባለሙያ እጅ ነው፤ የሚመለስበት ዱር ባይኖር ግን ሕክምናው ከንቱ በሆነ።

በጉና ዙሪያ ያላችሁ የጋይንትና የእስቴ ሰዎች፣ ቀይ ቀበሮ አንድ ቀን ወደ ተራራው እንዲመለስ ካስፈለገ የቀረው ጓሳ አይታረስ፤ ውሾቻችሁንም አስከትቡ።