የድቅል ፓይን ዛፍ ክሎሮፕላስት ስለ ማን ይመሰክራል?

አብዛኞቹ አባቢ ዕፀዋት ክሎሮፕላስታቸውን የሚወርሱት ከእናታቸው ነው። ጀርመናዊው ካርል ኮረንስ እ.ኤ.አ. በ1909 ቅጠላቸው ዝንጉርጉር የሆኑ ተክሎችን አዳቅሎ፣ የልጆቹ የቅጠል ቀለም እናቲቱን እንደሚከተል ካሳየ ወዲህ ይህ እንደ ደንብ ሲጠቀስ ኖሯል። በፓይን ዛፎች ዘንድ ግን ክሎሮፕላስት ከአባት፣ ሚቶኮንድሪያ ከእናት ይወረሳል።

ምክንያቱ ያለው በእንቁላል ሕዋሱ ውስጥ ነው። የክሎሮፕላስት መነሻ የሆኑት የእናት ፕላስቲዶች ከጽንሰት በፊት ቅርጻቸው ተለውጦ ይፈርሳሉ፤ የእናት ሚቶኮንድሪያዎች ግን በኒውክሊየሱ ዙሪያ ተሰባስበው ይቆያሉ። ስለዚህ ፅንሱ የሚያገኘው በወንዴ ብናኝ በኩል የመጡትን ፕላስቲዶች ነው።

ይህ ውርስ ሁለት ዝርያዎች ሲዳቀሉ ተመራማሪውን ሊያሳስት ይችላል። በካናዳ አልበርታ ግዛት የምዕራቡ ሎጅፖል ፓይን ከምሥራቁ ጃክ ፓይን ጋር ይገናኛል፤ በተፈጥሮም ይዳቀላሉ። ዋግነርና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት የሁለቱ ዝርያዎች የክሎሮፕላስት ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚለያይ አሳይተዋል። የሎጅፖል እናት የጃክን ብናኝ ብትቀበል፣ የልጁ ኒውክሊየስ ከሁለቱም እኩል ይወርሳል፤ ክሎሮፕላስቱ ግን ሙሉ በሙሉ የጃክ ይሆናል። ክሎሮፕላስቱን ብቻ የመረመረ ሰው ዛፉን ንጹሕ ጃክ ብሎ ይመዘግበዋል። ድቅሉ በተራው እናት ሆኖ የሎጅፖልን ብናኝ ከተቀበለ ደግሞ የጃክ ክሎሮፕላስት በአንድ ትውልድ ውስጥ ከዘር ሐረጉ ይጠፋል፤ በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለው የጃክ ድርሻ ግን ገና ሩብ ያህል ነው። ሚቶኮንድሪያው አብሮ ሲመረመር የእናት ወገን ይታወቃል፤ የማዳቀሉ አቅጣጫም ይገለጣል። ይህም ቢሆን ፍጹም ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በእነዚሁ ሁለት ዝርያዎች ድቅሎች ላይ የአባት ሚቶኮንድሪያ አልፎ አልፎ ሾልኮ እንደሚገባ ተዘግቧል።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ብቻ አይደለም። የሎጅፖል ደኖችን ያወደመው የተራራ ፓይን ጥንዚዛ ወደ ምሥራቅ እየገፋ በድቅሎቹ ክልል አልፏል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ አትላንቲክ ጠረፍ የተዘረጋው የጃክ ፓይን ደን ነው። ጥንዚዛው የወረረው ዛፍ ድቅል ነው ወይስ ንጹሕ ጃክ የሚለውን ጥያቄ በክሎሮፕላስት ብቻ መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጥንዚዛው ጃክ ፓይንን ማጥቃት መጀመሩን ያረጋገጡት ተመራማሪዎች የዛፎቹን ማንነት የለዩት በኒውክሊየስ ዘረመል ምልክቶች ነበር።