የተጠለፈው ንግግር

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ካሜራ ወይም ፕሪንተር ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ያልሠራለት ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ድራይቨር የለውም»። ቃሉ ነጂ ማለት ነው፤ ነገሩም ከዚያ አይርቅም። መናኸሪያ በር ላይ የቆመ ባጃጅ ሞተሩ ደህና፣ ነዳጁም ሙሉ ቢሆን ነጂ ከሌለው ንቅንቅ አይልም። ካሜራም «ጀምር» የሚባልበትን ቋንቋ የሚያውቅ ድራይቨር ካላገኘ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ቋንቋውን የሚያውቀው ደግሞ የሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው አልናገርም ቢልስ?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክት የተባለውን መሣሪያ በሰሜን አሜሪካ ለገበያ አቀረበ። ለኤክስቦክስ ጌም መጫወቻ የተሠራ ነው፤ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። ግን ተራ ካሜራ አልነበረም። አንዱ ዓይኑ ቀለም ያያል። ሌላው፣ ክፍሉ ላይ የሚረጨውን ለሰው ዓይን የማይታይ የብርሃን ነጠብጣብ እያነበበ እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል። ሮቦት የሚሠሩ ሰዎች እንዲህ ላለው ዓይን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጡ ነበር። ኪኔክት በዩኤስቢ ይሰካል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ግን አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ከማድረግ በቀር ምንም አልል አለ።

በዚያው ዕለት ኒውዮርክ ያለው አዳፍሩት የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት አዋጅ አወጣ። የድርጅቱ መሥራች ሊሞር ፍሪድና ባልደረባዋ ፊሊፕ ቶሮን፣ ለኪኔክት ድራይቨር ጽፎ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ለሚያደርግ የመጀመሪያ ሰው 1,000 ዶላር እንሰጣለን አሉ። ማይክሮሶፍት ምርቴ እንዲነካካ አልፈቅድም ብሎ ተቆጣ፤ ሕግ አስከባሪዎችንም ጠቀሰ። እነፍሪድ ሽልማቱን ወደ 2,000 አሳደጉት። ትንሽ ቆይተው 3,000 አደረጉት።

ቀናት አለፉ። አሌክስ ፒ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ሰው የመሣሪያውን አንገት ቀና ደፋ የሚያደርገውን ሞተር ከኮምፒውተር ሲያንቀሳቅስ በቪዲዮ አሳየ፤ ቀጥሎም ምስሉን። ጉዳዩ ያለቀ መሰለ። ሰውየው ግን ኮዱን አልለቀቀም። ሽልማቱም አልተነካም።

ፍሪድ ሌላ መንገድ ያዘች። መሣሪያው ከኤክስቦክስ ጋር እንደሆነ ያወራል፤ ታዲያ ለምን ቁጭ ብሎ መስማት አይቻልም? በሁለቱ መካከል በዩኤስቢ መስመር የሚያልፈውን ሁሉ የሚቀዳ መሣሪያ አስገባች። ኤክስቦክሱ የጠየቀው፣ ካሜራው የመለሰው፣ አንድም ሳይቀር ተቀዳ። ቅጂውንም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቀችው። ንግግሩ ተጠለፈ። የሚገባው ሰው ግን አልነበረም።

ኖቬምበር 10 ቀን ኪኔክት አውሮፓ ገባ። ሄክቶር ማርቲን የተባለ ስፔናዊ ወጣት ሄዶ አንድ ገዛ። ኤክስቦክስ አልነበረውም፤ ጌም ሊጫወት አልነበረማ! የነበረው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሊኑክስ የጫነበት ላፕቶፕና የፍሪድ ቅጂ ነው።

የአብነት ተማሪ ትርጓሜ ከመማሩ በፊት ንባቡን በቃሉ ይዞ እንደሚወጣው፣ ማርቲንም በንባቡ ጀመረ። ወደ ካሜራው የሚሄደው ትእዛዝ ሁሉ ጂ እና ኤም በተባሉ ሁለት ፊደላት ይከፈታል፤ መልሱ አር እና ቢ ብሎ ይመጣል። በመካከል ያሉት ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ አላወቀም። ኤክስቦክሱ በላከበት ቅደም ተከተል እንዳሉ ደግሞ ላካቸው። ችግሩ ምስሉን መቀበሉ ላይ ነበር፤ ካሜራ ፋይል እንደሚቀዳበት ዲስክ ታግሦ አይጠብቅም፣ ያልተቀበሉት ቁራሽ ፈሶ ይቀራል። ሰዓታት ሄዱ።

በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ሁለት ሥዕል ቆመ፤ አንዱ የክፍሉ መልክ፣ ሌላው በቀለም የተቀባ ርቀት። ማርቲን ኮዱን ለቀቀ። 3,000 ዶላሩ የእሱ ሆነ።

ትርጓሜው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ለእኔ ከውድድሩ ይልቅ የሚጥመው ይህ ክፍል ነው። ኦፕንኪኔክት በሚል ስም የተሰባሰቡ ሰዎች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየቀየሩ ካሜራው ምን እንደሚል እያዩ መዘገቡ። ካሜራው ትእዛዝ ከሚይዝባቸው ቦታዎች (ሬጂስተር) ቁጥር 6 በሚባለው ላይ 2 ሲጻፍ የርቀት ምስሉ ይጀምራል። ምስጢር ይመስል የነበረው «1ኢ» በኮምፒውተር አቆጣጠር 30 ነው፤ በሰከንድ 30 ምስል ማለት። እ.ኤ.አ. በ2011 አንቶኒዮ ኦስፒቴ በዚህ ዕውቀት የጻፈው ድራይቨር ከርነል በተባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገባ፤ ኪኔክትም ከሱቅ እንደተገዛ ማንኛውም ዌብካም ሲሰኩት የሚሠራ ሆነ።

የማይክሮሶፍትም ቁጣ በቀናት ውስጥ በረደ፤ የድርጅቱ ሰዎች ሬዲዮ ላይ ቀርበው የዩኤስቢውን በር ክፍት የተውነው ሆን ብለን ነው አሉ። አንድ ነገር ግን እስከ ፌብሩዋሪ 2011 ተደብቆ ቆየ። በዚያን ጊዜ ወደ ጉግል ተዛውሮ የነበረው ጆኒ ቹንግ ሊ የውድድሩን ሐሳብ ለአዳፍሩት ያቀረበው እሱ እንደነበረ ገለጠ። ለኮምፒውተር የሚሆን ድራይቨር እንዲወጣ መጀመሪያ በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ወትውቶ ነበር፤ አልሆነለትም። መሥሪያ ቤቱ ማይክሮሶፍት ነበር፤ ሥራውም ኪኔክት።