ተንደርድሮ ኮሌጅ መግባት

«ጋሼ፣ ልጄን ከሃይስኩል አስወጧት እንዴ?»

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ሲያትል ውስጥ ጎረቤቴ የሆነች እናት ናት። በእጇ አንድ ፎርም ይዛለች። አናቱ ላይ የኮሌጅ ስም አለ፤ ከታች የተማሪዋ፣ የወላጅና የሃይስኩሉ ካውንስለር መፈረሚያ ቦታ ተሰምሮበታል። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ በመስከረም 11ኛ ክፍል ትገባለች። እናትየዋ ከኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ ገና መመለሷ ስለነበር የሥራ ባጇ አንገቷ ላይ ነው። «ኮሌጅ የሚገባው 12ኛን የጨረሰ አይደል? ይቺ እዚያ ሄዳ ምን ልትሠራ ነው?»

አልፈረድኩባትም። እኛ ባደግንበት አገር በ12ኛ ክፍልና በዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው በር አንድ ብቻ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናው። ከፈተናው በፊት የሃይስኩል ተማሪ ነህ፣ ከፈተናው በኋላ ዕድል ከቀናህ ፍሬሽማን። አንድ እግርን እዚህ፣ አንድ እግርን እዚያ ማድረግ የሚባል ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ ግን አለ፤ ዱዋል ኢንሮልመንት ይሉታል። ተማሪው ሃይስኩሉን ሳይለቅ ኮሌጅ ይመዘገባል። የወሰደው ኮርስም ሁለት ቦታ ይቆጠርለታል፤ ለሃይስኩል ዲፕሎማውም፣ ነገ ለሚይዘው ዲግሪም። በ2022-23 የትምህርት ዘመን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኮርስ የወሰዱ የሃይስኩል ተማሪዎች በመላ አሜሪካ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከተመዘገቡት አምስት ተማሪዎች አንዱ ያህል ገና ሃይስኩል ያልጨረሰ ልጅ ነው።

ጎረቤቴ ይዛ የመጣችው የዋሽንግተን ስቴቱን ነው። ስሙ ራኒንግ ስታርት ይባላል፤ ለአማርኛ አስቸጋሪ አይደለም፣ «መንደርደሪያ» ማለት ነው። ልጆች ሆነን ወንዝ ለመዝለል ወደ ኋላ ራቅ ብለን የምንጀምረው ሩጫ።

ሐሳቡ ግን የተወለደው ሌላ ቦታ ነው። በ1972 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ የሲራኪዩዝ ከተማ የሃይስኩል ኃላፊዎች ወደ ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ችግራቸውን ተናገሩ። ጎበዝ ተማሪዎቻቸው 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚጠበቅባቸውን ጨርሰው የቀረውን ጊዜ በከንቱ ይገፉታል። አሜሪካኖች ለዚህ የመጨረሻ ዓመት መሰላቸት የበሽታ ስም ሰጥተውታል፤ «ሲኒየራይትስ» ይሉታል። ዩኒቨርሲቲው መፍትሔ ያደረገው ልጆቹን ወደ ግቢው ማመላለስን አልነበረም። የሃይስኩል መምህራንን አሠልጥኖ የራሱን ኮርስ እዚያው በክፍላቸው እንዲያስተምሩ አደረገ። ፕሮጀክት አድቫንስ የተባለው ይህ ፕሮግራም ዛሬም ይሠራል።

ሚኒሶታ በ1985 ሌላ መንገድ መረጠች። በገዢው በሩዲ ፐርፒች ዘመን የወጣው ሕግ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ራሱ ኮሌጅ ድረስ ሄዶ ይማር፣ ሂሳቡን ስቴቱ ይክፈል አለ። ከስቴቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ሕግ ያወጣች የመጀመሪያዋ ሚኒሶታ ናት። ሃይስኩሎቹ ደስ አላላቸውም፤ ተማሪው ሲሄድ ገንዘቡም ተከትሎት ይሄዳልና። ዋሽንግተን በ1990 ራኒንግ ስታርትን በሕግ ስታቋቁም የተከተለችው ይህንኑ የሚኒሶታን መንገድ ነው። ዛሬም ስቴቱ ለተማሪው ከሚመድበው ገንዘብ ኮሌጅ ለሚማርበት ድርሻ 93 በመቶው ወደ ኮሌጁ ያልፋል፣ 7 በመቶው ለትምህርት ቤቱ ዲስትሪክት ይቀራል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ይህን ዕድል ጮክ ብሎ የማይናገረው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ይህን ስሌት ይመልከት።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ለጎረቤቴ ሂሳቡን ጻፍኩላት። የዋሽንግተን ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ዓመቱን የሚከፍሉት በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር ነው፤ አንዱ ኳርተር አስር፣ አስራ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። አንድ የተለመደ ኮርስ 5 ክሬዲት ይይዛል። ያ 5 የኮሌጅ ክሬዲት ሃይስኩል ላይ 1 ሙሉ ክሬዲት ሆኖ ይመዘገባል፤ ማለትም በመደበኛው ሃይስኩል አንድ ዓመት የሚፈጀው ትምህርት በአስር ሳምንት ያልቃል። ከሃይስኩል ለመመረቅ ስቴቱ 24 ክሬዲት ይጠይቃል። ሙሉ ጊዜዋን ኮሌጅ የምትማር ልጅ በኳርተር ሦስት ኮርስ፣ 15 ክሬዲት ትወስዳለች። በዓመት ሦስት ኳርተር ሲሆን 45፣ በሁለት ዓመት 90 ይሞላል። 90 ክሬዲት ደግሞ፣ ኮርሶቹ በወጉ ከተመረጡ፣ የሁለት ዓመቱ አሶሼት ዲግሪ ነው። ስለዚህ የሃይስኩል ዲፕሎማዋንና አሶሼት ዲግሪዋን በአንድ ክረምት የምትቀበል የ18 ዓመት ልጅ ተረት አይደለችም።

«ስንት ያስከፍላል?» አለች ቀጥላ። ለትምህርቱ ምንም። መጽሐፍ ግን የራስ ነው፤ አንዳንድ የኮሌጁ መዋጮዎችም አሉ። ከትምህርት ቤት የምሳ ድጎማ ለሚያገኝ ቤተሰብ መዋጮው ይነሣል፤ መጽሐፉንም ብዙ ኮሌጅ ያውሳል፣ የሚጠይቅ ሰው ካለ። ትራንስፖርቱ ቀላል ነው፤ በዋሽንግተን ከመስከረም 2022 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በከተማው አውቶቡስና ባቡር በነጻ ይሳፈራል። በደቡብ ሲያትል ከኦቴሎ ጣቢያ ባቡር የያዘ ተማሪ ካፒቶል ሂል ሲወርድ ሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ ከፊቱ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ በነጻ የሚሸፈነው ቁጥሩ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኮርስ ብቻ ነው። በመመደቢያ ፈተናው ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ወድቆ ከ100 በታች የተመደበ ልጅ የዚያን ኮርስ ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። አማርኛ እየተነገረበት ያደገ ልጅ ሁሉ እንግሊዝኛው ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኞቹ እኛን የሚያርሙን እነሱ ናቸው።

ስለ አማርኛ ካነሣሁ አይቀር፣ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ሌላ በር አለ። ዋሽንግተን ውስጥ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቋንቋ ተፈትኖ እስከ 4 የሃይስኩል የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል፤ ከሚፈተንባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሲያስቆጥሩት «ይሄ ምን ይጠቅመኛል?» እያለ ያለቀሰ ልጅ ክሬዲቱን ካገኘ ስፓኒሽ ክፍል ከመቀመጥ ይድናል፤ የተረፈውን ሰዓት ለኮሌጅ ያውለዋል።

ከራኒንግ ስታርት ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ኤፒ ነው። ኤፒ የሃይስኩል ክላስ ነው፤ ክሬዲቱ የሚገኘው በግንቦት በሚሰጠው የአንድ ቀን ፈተና ሲሆን፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎብዞ በፈተናው ቀን የታመመ ልጅ ክሬዲቱ ሊያመልጠው ይችላል። ሁለተኛው ኮሌጅ ኢን ዘ ሃይስኩል ይባላል፤ ከሲራኪዩዝ የመጣው ዓይነት ነው፣ መምህሩ ወደ ተማሪው ይመጣል። በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የሚሰጠው በ2023 በወጣ ሕግ ነጻ ሆኗል። ከጓደኞቹ መለየት ለማይፈልግ ወይም ኳስ ለሚጫወት ልጅ ይኼኛው ይሻላል እላለሁ። በራኒንግ ስታርት ግን የኮሌጁና የሃይስኩሉ ካላንደር አይገጥምም፤ አንዱ ዕረፍት ሲወጣ ሌላው ፈተና ላይ ነው። ደወል የለም፣ ስም የሚጠራ የለም፣ ቀረህ ብሎ ቤት የሚደውልም የለም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ከራሴ ቤት ልናገር። የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ሳለ በአንድ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተመዘገበ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከበደው፤ ልጅ ነውና መሄዱን ተወ። ኮርሱን ድሮፕ አላደረገም፤ ዊዝድሮው የሚባል ፎርም እንዳለም የነገረው የለም፣ እሱም አልጠየቀም። ኳርተሩ ሲያልቅ 0.0 ተመዘገበበት። እህቴ ደንግጣ ኮሌጁ ስትደውል በትሕትና የተሰጣት መልስ፣ «የልጅዎን ፋይል ለእርስዎ መግለጽ አንችልም፣ እሱ ፈርሞ ይፍቀድ» የሚል ነበር። «አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ምሳውን የምቋጥርለት እኔ ነኝ!» ብትል ማን ሰምቷት! ይህ የዚያ ኮሌጅ ክፋት አይደለም፤ በ1974 የወጣው የተማሪዎች መረጃ ሕግ ነው። ልጁ ኮሌጅ የተመዘገበ ዕለት፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ በኮሌጁ ፋይሉ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ እሱ ይዞራል። ስለዚህ የፈቃድ ፎርሙን በመጀመሪያው ሳምንት ማስፈረም ነው፤ ካኮረፈ በኋላ አይፈርምም።

ያ 0.0 ዛሬም አለ። የኮሌጅ ትራንስክሪፕት የሃይስኩል ደብተር አይደለም፣ አይቀደድም። ልጁ አድጎ በየትም ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ያንን ትራንስክሪፕት እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ሲጠይቅም የተወሰዱና ያልተጠናቀቁ ክሬዲቶች ይቆጠራሉ። ዊዝድሮው እንኳ «ደብልዩ» ሆኖ ይቀመጣል፤ ያው ኮርስ ለሃይስኩል ምረቃ የታሰበ ከነበረ ደግሞ እዚያም ጉድለት ይፈጥራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠላው ነገር ክሬዲት መቁጠር ብቻውን ነው። ቡና ላይ «የእኔ 90 ጨርሷል» «የእኔዋ 60 ደርሳለች» ሲባል እሰማለሁ። የት ይቆጠራል? ብዬ ስጠይቅ ዝም ይባላል። በዋሽንግተን ውስጥ ለዝውውር ተብሎ የተቀረጸውን አሶሼት ዲግሪ የያዘ ተማሪን የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች በስምምነት ይቀበሉታል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አጠቃላይ ኮርሶች እንደጨረሰ ይቆጥሩለታል። ከስቴቱ ውጭ ያሉ ታላላቅ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለሃይስኩል ምረቃ አንዴ የተቆጠረን ኮርስ ብዙውን ጊዜ አይቀበሉም። በስቴቱ ውስጥም ቢሆን ኢንጂነሪንግ ያሰበ ልጅ 90 ክሬዲቱን በሳይኮሎጂ፣ በፊልም ታሪክና በንግግር ጥበብ ሞልቶ ካልኩለስ ሳይነካ ከሄደ፣ በወረቀት ሦስተኛ ዓመት፣ በትምህርቱ ፍሬሽማን ነው። አንዷ ካልኩለስ ከአራት ቀላል ኮርስ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

አንድ ፍርሃት ግን መሠረት የለውም። «ብዙ ክሬዲት ከያዘች እንደ ተዘዋዋሪ ተማሪ ትታያለች፤ የፍሬሽማን ስኮላርሺፕ ያመልጣታል» የሚሉ አሉ። ከሃይስኩል ምረቃ በፊት የተገኘ ክሬዲት ምንም ያህል ቢበዛ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን፣ አመልካቿን የሚያያት እንደ ፍሬሽማን ነው።

በአገር ደረጃ የሚሠሩ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት፣ ከዚህ ዕድል ተጠቃሚው በብዛት መንገዱን አስቀድሞ የሚያውቅ ቤተሰብ ልጅ መሆኑን ነው። ጥቁር ተማሪዎችና እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆች ከቁጥራቸው በታች ነው የሚገቡት። ከእኛ ልጆች አንዳንዶቹ ሁለቱም ናቸው። ካውንስለሩ በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ስላሉበት ቀድሞ የሚያናግረው በሩን ያንኳኳውን ነው።

ጎረቤቴ ፎርሙን በዚያ ቀን አልፈረመችም። ደግ አደረገች። ልጅቷ ስትመጣ ሦስታችን ተቀመጥን፤ ልጅቷ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ ያን ጊዜ ሰማን። የአካባቢውን የነርሲንግ ፕሮግራሞች ቅድመ ሁኔታ በስልኳ ከፈተች፤ ኬሚስትሪ፣ አናቶሚ፣ ስታቲስቲክስ፣ እንግሊዝኛ። በመጀመሪያው ኳርተር እንግሊዝኛ ብቻ ልትወስድ፣ የቀረውን እዚያው ሃይስኩሏ ልትማር ተስማሙ። ፊርማው በየኳርተሩ ይታደሳል፤ ከቀናት መጨመር ይቻላል።

ልጅዎ 10ኛ ክፍል ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፤ ምዝገባው በፀደይ ይጀመራልና እስከ መስከረም አይጠብቁ። ሌላ ስቴት የሚኖሩ ከሆነም ስሙና ክፍያው ይለያይ እንጂ ነገሩ አለ፤ ቨርጂኒያም፣ ሜሪላንድም፣ ቴክሳስም አለ። ካውንስለሩን ቀጠሮ ይጠይቁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብለው ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ክፍያ የለውም።