የታተመ ጥናት የሚታረምበትና የሚሻርበት ሥርዓት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሚወረሰው ግን እውነቱ ብቻ ሳይሆን አብሮ የታተመው ስሕተት ጭምር ነው። በጥናት መጽሔት የሚወጣ ጽሑፍ አስቀድሞ በሙያው ሊቃውንት ይመረመራል፤ ይሁን እንጂ መርማሪዎቹ በአብዛኛው የሚያዩት የቀረበላቸውን ጽሑፍ እንጂ መረጃው የተመዘገበበትን ሰነድ ባለመሆኑ፣ ስሕተት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ የተነሣ መጽሔቶች ከሕትመት በኋላ የሚሠሩበት የእርማት ሥርዓት አላቸው።

ሥርዓቱ እንደ ስሕተቱ ክብደት በሦስት ይከፈላል። አንደኛ፣ መደምደሚያውን የማይለውጥ ስሕተት፣ ለምሳሌ በሠንጠረዥ ውስጥ የተዛባ ቁጥር፣ በእርማት ማስታወቂያ ይስተካከላል። ሁለተኛ፣ ከባድ ጥርጣሬ ተነሥቶ ምርመራው ገና ካልተጠናቀቀ፣ አዘጋጁ አንባቢን የሚያስጠነቅቅ መግለጫ ያወጣል። ሦስተኛ፣ ውጤቱ የማይታመን ሆኖ ሲገኝ ጽሑፉ ይሻራል። ሲሻርም ደብዛው አይጠፋም፤ በመዝገብ እንዳለ ሆኖ መሻሩ ይጻፍበታል፤ የሻረው ማን እንደ ሆነና ምክንያቱም ይገለጻል።

እርምጃው ሲዘገይ የሚያስከትለውን ጉዳት «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ከታየው መረዳት ይቻላል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በ12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ አሰራጨ። ከ13ቱ ጸሐፊዎች መካከል 10ሩ ይህን ትርጓሜ በ2004 አነሡ፤ መጽሔቱ ግን ሙሉውን ጽሑፍ የሻረው በ2010 ነበር። በእነዚህ 12 ዓመታት ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ተቆጠቡ። ሰፋፊ ጥናቶች ግንኙነት አለመኖሩን ቢያሳዩም፣ ፍርሃቱ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

የተሻረ ጽሑፍ ሁሉ ግን የማታለል ውጤት ነው ማለት አይቻልም። በ2018 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ፍራንሲስ አርኖልድ፣ በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራው ሲደገም ያው ውጤት ሊገኝ ባለመቻሉ በ2020 መጀመሪያ ተሽሯል፤ ይህንንም ራሳቸው በይፋ አስታውቀዋል።

ለትምህርት ሥራ ዋናው ነጥብ፣ የመሻሩ ማስታወቂያ የሚወጣው በመጽሔቱ ላይ እንጂ ከጽሑፉ በተቀዳው የመምህር መምሪያ ላይ አለመሆኑ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከታተመ ለዓመታት ስለሚያገለግል፣ በምንጩ የተሻረ ውጤት በተማሪው ደብተር ሊቀጥል ይችላል። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የተጠቀሙበትን ጥናት ምንጭ መዝግበው ሊይዙና በየክለሳው ወቅት ጽሑፉ አለመታረሙን ወይም አለመሻሩን ሊያረጋግጡ ይገባል። ለውጥ ሲገኝም ቀጣዩን ሕትመት ሳይጠብቁ ለትምህርት ቤቶች በሰርኩላር ማሳወቅ ያስፈልጋል። መምህሩ በበኩሉ እርማቱን ከነምክንያቱ በክፍል ውስጥ ቢያስረዳ፣ ዕውቀት በምርመራ የሚጸና መሆኑን ተማሪዎች በተጨባጭ ይገነዘባሉ።