የቤዝመንት ውሃ በቀለም አይቆምም

ማታ ከሥራ ገብቼ ምንጣፉን ስረግጥ ካልሲዬ ራሰ። መጀመሪያ የሆነ ነገር የደፋሁ መስሎኝ ነበር። የስልኬን መብራት አብርቼ ጥጋጥጉን ሳይ ግን ውሃው ግድግዳውና ወለሉ ከሚገናኙበት መስመር ቀስ እያለ ይወጣል። ዝናቡ ካቆመ እኮ ግማሽ ቀን አልፎታል!

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የአንዲት ሐበሻ እናት ቤዝመንት ተከራይቼ። ለብዙዎቻችን አዲስ መጪዎች የመጀመሪያዋ አሜሪካ ቤዝመንት ናት። ለአከራዬ ደግሞ የእኔ ኪራይ የቤት ዕዳቸውን ያግዛል፤ ከዚያው ላይ ቆርሰው አገር ቤት ላሉት እናታቸው ይልካሉ። ስለዚህ ውሃው የገባው እኔ ክፍል ብቻ አልነበረም።

«እትዬ፣ ውሃ ገብቷል!» ብዬ ስጠራቸው ወርደው አዩና፣ «አምና አይደል እንዴ ቀለም ያስቀባሁት?» አሉ። ውሃ አያስገባም የተባለ ቀለም ነበር። አሁን ተላልጦ፣ ሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ዱቄቱ ውሃው በኮንክሪቱ ውስጥ ሲያልፍ ይዞት የወጣው ማዕድን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ውሃ ሲጠግብ፣ ውሃው ግድግዳውንና ወለሉን ከውጭ ይገፋል። ከውስጥ የተቀባ ቀለም ደግሞ ከጀርባው ሲገፉት ይለቃል። ይህን ውሃ ማስቆም ከባድ ነው፤ የሚቀለው መንገድ ሰጥቶ ማስወጣት ነው።

መጀመሪያ ርካሹን

ኢኮኖሚክስ ተምሬ አንድ ነገር ከገባኝ፣ ትልቁን ብር ከማውጣት በፊት ትንሹን መሞከር ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ፣ ወይም የአሸንዳው ቧንቧ ውሃውን እዚያው ግድግዳው ሥር እየደፋው ይሆናል። አሸንዳውን መጥረግ፣ ቧንቧውን ከቤቱ ማራቅ፣ አፈሩን ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ መሙላት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እኛም ሠራነው። ውሃው ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ሌላም ፈተና አለ። ቁራጭ ፕላስቲክ ባዶው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። እርጥበቱ ፊት ለፊቱ ላይ ከታየ ከክፍሉ አየር የመጣ ነው፤ የእርጥበት ማድረቂያ ማሽን ሊበቃው ይችላል። ከጀርባው ከሆነ ግን ከአፈሩ ነው። የእኛ ከጀርባው ነበር።

ወለሉ ሲቆረጥ

ቀጣዩ የውስጥ ማፋሰሻ ሆነ። ያለቀለት ቤዝመንት ላይ ሲሠራ ያማል፤ ምንጣፉ ይነሳል፣ የግድግዳው ጂፕሰም ከታች ይቆረጣል። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ዙሪያውን ኮንክሪቱ ተሰብሮ እስከ መሠረቱ ጎን ድረስ ቦይ ይቆፈራል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ፣ ብሎኬቱ ውስጥ የታቆረው ውሃ እንዲወርድ ከሥሩ ይበሳል። ቦዩ ውስጥ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ይገባል፤ ቧንቧው ውሃውን ሰብስቦ ወደ አንድ ጉድጓድ ይወስዳል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሳምፕ ፓምፕ ውሃው ከፍ ሲል ራሱ ይነሳና ወደ ውጭ፣ ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ ይገፋዋል። በመጨረሻ ወለሉ ተመልሶ በኮንክሪት ይደፈናል።

ፓምፑ ባትሪ ያስፈልገዋል። ኃይለኛ ማዕበል ብዙ ጊዜ ዝናብ ይዞ መጥቶ መብራት ይዞ ይሄዳልና፣ ባትሪ የሌለው ፓምፕ በጣም በምትፈልጉት ሌሊት ይተኛል።

ሦስት ኮንትራክተሮች መጥተው ሦስት ዋጋ ሰጡ፤ ሁሉም በሺዎች ዶላር ነው። እትዬ ወደ ርካሹ አዘነበሉ። ወረቀቱን ሳነበው ግን ባትሪውም፣ የተቆረጠውን ግድግዳ መመለሱም አልተካተተም። ደምረን ስናየው ርካሹ ከመካከለኛው በልጦ ተገኘ። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አወዳድሩ።

«ኢንሹራንስ የለም እንዴ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ከመሬት ሰርጎ የገባን ውሃ በአብዛኛው አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስም ቤዝመንት ላይ ሲደርስ እጁ ያጥራል፤ እዚያ ላለው ምንጣፍና ሶፋ አይከፍልም። ከገዛችሁት በኋላም አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ትጠብቃላችሁ።

የማይሠራበትም አለ

የውስጥ ማፋሰሻ ለሚሰርግ ውሃ እንጂ በበርና በመስኮት ለሚገባ ጎርፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2019 ዋሽንግተን ላይ በወረደው ዶፍ የኋይት ሐውስ ቤዝመንት ሳይቀር ውሃ ገብቶት ነበር። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ የአይዳ ዝናብ ኒው ዮርክን ሲመታ፣ ቤዝመንት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 11 ሰዎች ሞተዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ቤዝመንት ልትከራዩ ስትሄዱ ስልካችሁን አውጡ። የግድግዳውን ሥር በመብራት እዩ፦ ነጭ ዱቄት፣ የተላላጠ ቀለም፣ የሻጋታ ሽታ አለ? አዲስ ቀለም ከታች ብቻ ተቀብቷል? ፓምፕ ካለ ባትሪ አለው? ከሁሉም በላይ፣ መኝታ ክፍሉ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት አለው? ከሌለው ኪራዩ ምንም ቢረክስ ይቅርባችሁ። ውሃ ከገባ ደግሞ መብራቱ ከላይ ሳይጠፋ ውሃው ውስጥ አትግቡ። የራሰውን ሁሉ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ አድርቁ፤ ከዚያ በኋላ ሻጋታው ይቀድማችኋል።

እኔ ሥራው እስኪያልቅ ላይ ቤት ሶፋ ላይ አደርኩ፤ እትዬም የዚያን ወር ኪራይ ተዉልኝ። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ፓምፑ ተነስቶ ጥቂት ሲያጉረመርም፣ ዝም ሲል፣ ደግሞ ሲነሳ ሰማሁት። ጠዋት እትዬ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው፣ «ገባ ወይ?» አሉ።

«ወጣ፣ እትዬ!» አልኳቸው።