ካርድ ክፍሉን ሳያዩ አይዋዋሉ
የግል ክሊኒክ የሚገዛ ባለሀብት ከኤክስሬይ መሣሪያው ባልተናነሰ ካርድ ክፍሉን መፈተሽ አለበት። ካርዱ የጠፋበት ታካሚ ምርመራውን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ አለዚያም ሌላ ክሊኒክ ይሄዳል።

ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ግን ስካነር በመግዛት ብቻ አያልቅም። ለምሳሌ 5,000 ካርዶች እያንዳንዳቸው 20 ገጽ ቢኖራቸው፣ በደቂቃ 25 ገጽ የሚያነሳ ስካነር በ67 ሰዓት ገደማ ይጨርሳቸዋል። ስፒል መንቀሉ፣ ገጽ ማስተካከሉና በካርድ ቁጥር መመዝገቡ ለአንድ ካርድ 6 ደቂቃ ቢወስድ ግን 500 ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ወጪ ይኸው ጉልበት ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተም ካርዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ጠፋ ማለት ነው።

ስለሆነም በቅድሚያ የሚመላለሱትን ታካሚዎች ካርድ ማስገባት፣ የቀረውን ባለቤቱ ሲመጣ ማስከተል ያዋጣል። ሥራው በኮንትራት ከተሰጠ፣ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ስለወጣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ በውሉ ይግባ።