አረቄ ለመተው ሁለት ሰው ይበቃል

ገበያ ውለው ሲመለሱ እግርዎ ወደ አረቄ ቤት ካዘነበለ፣ «ዛሬ አንድ መለኪያ ብቻ» ብለው ገብተው የበሬ መግዣው ገንዘብ እዚያው ከቀረ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ምናልባት ጉዳዩ የእርስዎ ሳይሆን የወንድምዎ ወይም የልጅዎ ይሆናል። ቢሆንም ያንብቡት።

ስለ መጠጥ ጉዳት አልጽፍም። የጠጣ ሰው ጉዳቱን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ስንቱ ምሎ፣ ተገዝቶ፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቶ በሳምንቱ ተመልሷል! ሰው ይህን ሲያይ «ቃል የለውም» ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መጠጥ ለብዙ ጊዜ ሲለመድ ሰውነትንም አእምሮንም ይይዛል፤ በሕክምና ዘንድ በሽታ ነው። ብቻውን የሚታገል ሰው ደግሞ ጥማቱ በመጣበት ሰዓት የሚያዋየው የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ እውነተኛ ታሪክ ላጫውትዎ።

በአሜሪካ አገር አክሮን የምትባል ከተማ አለች። በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር (በፈረንጆች 1935) ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው ለንግድ ጉዳይ ወደዚያ ሄደ። መጠጥ ኑሮውን አበላሽቶበት፣ ከተወው ገና አምስት ወር ያህሉ ነበር። ንግዱ አልሆነለትም። ያረፈበት ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቤት አለ። እንደ እርሱ ያለ ሌላ ጠጪ ካላነጋገረ ተመልሶ እንደሚወድቅ ተሰማው። ስልክ አንስቶ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ደወለ። በሰው በሰው ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪም ሆኖ ጠጪ! ይሆናል እንግዲህ፤ መጠጥ የተማረ አይመርጥም። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ሊያነጋግረው አስቦ ነበር፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ዊልሰን አልመከረውም፣ አልገሠጸውም። የራሱን ውድቀት ነገረው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ወደ መጠጡ ተመልሶ ነበር። በሰኔ ግን ተወው፤ እስኪሞት ድረስ 15 ዓመት ያህል አልቀመሰም። ሁለቱ ወደ ሆስፒታል ሄደው ሦስተኛ ሰው ጨመሩ። ማኅበሩ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፤ ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች ማለት ነው። ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይሰበሰባሉ።

ስብሰባው እንዲህ ነው። መጠጥ የመተው ፍላጎት ያለው ሁሉ ይገባል። የአባልነት ክፍያ የለም፤ የቻለ ለቡናውና ለቤቱ ጥቂት ያዋጣል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። በንግግር መሀል አይቆረጥም። አዲስ ሰው መናገር ካልፈለገ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። ለዕድሜ ልክ ማልልኝ የሚል የለም፤ ዛሬን ብቻ ላለመጠጣት ነው የሚታሰበው። ቀድሞ የተወ ሰው ደግሞ አዲሱን በቅርብ ይከታተለዋል፤ ሌሊትም ቢሆን ይጠራዋል።

እንዲህ ያለ ስብሰባ መኖሩን ለማወቅ ከጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከጤና ጣቢያው ነርስ ይጀምሩ። ከተማ የሚደርሱ ከሆነ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልን ይጠይቁ። አዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል አለ። «ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ለመጀመሪያ ቀን የሚያምኑትን ሰው አስከትለው ይሂዱ። አንድ ቀን ብቻ አይተው አይፍረዱ።

በአቅራቢያዎ ከሌለስ? አክሮን ላይ ሁለት ሰው ነበር። በቀበሌዎ መተው የሚፈልግ አንድ ሌላ ሰው አይጠፋም። በእኔ ግምት ቀኑ የገበያ ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ሰዓቱም ሰው ከገበያ የሚመለስበት። ክፉው ሰዓት ያ ነውና። ጠላና አረቄ የሌለበት ቤት ወይም የዛፍ ጥላ ይምረጡ። ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይቅረብ። አሜሪካኖቹ ስም ይደብቃሉ። በገጠር ግን ማን ማን እንደሚጠጣ ልጅም ያውቃል። ስለዚህ ስሙን መደበቅ አይቻልም፤ የሚደበቀው የተነገረው ነው። እዚያ የተሰማ ነገር ለሚስትም ለንስሐ ልጅም አይወራም። ይህ ከፈረሰ ስብሰባው ፈረሰ።

አረቄ የምታወጣዋን ሴት አትጣሏት። ብዙዋ ልጅ የምታስተምረው በዚያው ነው። ማኅበር ወይም ሰንበቴ ሲኖር ከስብሰባው አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ፣ አብራችሁ ተቀመጡ፣ አብራችሁ ውጡ።

አሁን አንድ ብርቱ ነገር። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ብቻውን አያቁም። ባቆመ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ላብ ሊያጠምቀው፣ ሊያስመልሰው ይችላል። ከባሰም ተንዘፍዝፎ ይወድቃል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል። ይህ ሊገድል ይችላል። ጋኔን ነው ብላችሁ አትሰሩት፤ ፈጥናችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ መድኃኒት አለው። ጠበል የሚሄድም ቢሆን ሕክምናውን አይዝለል። ከማቆሙ በፊት ነርሷን ቢያማክር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ከስብሰባው አንዱ ተመልሶ ቢጠጣና ሦስት ሳምንት ቢቀርስ? ቤቱ ሄዳችሁ ጥሩት። ሲመጣ የት ነበርክ አትበሉት። እንደማንኛውም ሰው ስኒ ይቀዳለት፤ ተራው ሲደርስ ራሱ ይናገራል።